ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሰባቱ የረኃብ ዓመታት
በደስታም በመከራም ጊዜ በፈጣሪ ፍቅር ስለ መታመን

(የግብረ ገብ ትምህርት፤ ለ5ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ቢያነቡት ይመረጣል።)



በቅርቡ በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ጎረቤቶቻችን ስማቸው ወጥቶ ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄዱ እናትየዋ 'እግዚአብሔር ወደደን' ብላ እልል አለች። የእኛ ጉዳይ ግን ውድቅ ሆኗል። ታዲያ እኛን አልወደደንም ማለት ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ማንም አልሳቀም፤ ምክንያቱም ጥያቄው የብዙዎች ጥያቄ ነበር። ወዲያው ደወል ስለ ተደወለ «በሚቀጥለው ጊዜ እንነጋገርበታለን» ብዬ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር የደወሉ መደወል ረድቶኛል፤ የምመልሰው አልነበረኝምና። ይህ ትምህርት ለዚያ ልጅ፣ እንዲሁም ጥያቄውን በልባችሁ ይዛችሁ ለዘለቃችሁ ሁሉ የዘገየ መልስ ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
ሀ/ የዮሴፍን ታሪክ ከነዓመታቱ ትናገራላችሁ፤
ለ/ በመከራ ጊዜ መታመን ማለት ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ትለያላችሁ፤
ሐ/ የደስታ ጊዜም ራሱን የቻለ ፈተና መሆኑን ታስረዳላችሁ።

1. የዮሴፍ ታሪክ ባጭሩ

የመረጥነው የዮሴፍን ታሪክ ነው። በክርስቲያኖች ዘንድ በኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 37 እስከ 50 ይገኛል። በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ ከቁርኣን 12ኛው ምዕራፍ በስሙ ሱረቱ ዩሱፍ ይባላል፤ 111 አንቀጾች አሉት። ስለዚህ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሌላው ከመስጊድ፣ ታሪኩን አብረው ሊናገሩት ይችላሉ።

በኦሪቱ አቆጣጠር ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ያዕቆብ አብልጦ ይወደው ስለ ነበር ወንድሞቹ ቀኑበት። ልብሱን ገፍፈው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፤ በኋላም በ20 ብር ለነጋዴዎች ተሸጠ። ለአባታቸው ግን አውሬ የበላው አስመስለው በደም የተነከረ ልብሱን ላኩለት። ዮሴፍ ግብፅ ውስጥ ጲጥፋራ ለሚባል ሹም ባሪያ ሆነ። በዚያም ቤት በሐሰት ተከስሶ ታሰረ። የ30 ዓመት ሰው ሲሆን የፈርዖንን ሕልም ፈታ፤ ሰባት የጥጋብ ዓመታት እንደሚመጡ፣ ከዚያም ሰባት የረኃብ ዓመታት እንደሚከተሉ ተናገረ። ፈርዖንም በአገሩ ሁሉ ላይ ሾመው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ከ17 እስከ 30 ድረስ 13 ዓመት ነው፤ ይህ የባርነቱና የእስሩ ዘመን ነው። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሲጨመሩ 37 ይሆናል። ከወንድሞቹ ጋር የተዋወቀው ረኃቡ በገባ በሁለተኛው ዓመት ስለ ነበር 39 ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። እንግዲህ ዮሴፍ ከአባቱ ተለይቶ የኖረው 22 ዓመት ያህል ነው። ከእናንተ መካከል አባቱን ካየ ረጅም ጊዜ የሆነው ልጅ ይህን ቁጥር በደንብ ይመልከተው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አባትየው ልጁ ሞቷል ብሎ ያምን ነበር፤ ልጁ ግን በሕይወት ነበር።

2. በመከራ ጊዜ መታመን

አንዳንድ ሰው በፈጣሪ መታመን ማለት አለማልቀስ ይመስለዋል። ታሪኩ እንዲህ አይልም። ወንድሞቹ ከዓመታት በኋላ እንደ ተናዘዙት፣ ዮሴፍ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሲለምናቸው ነበር። ሹም ከሆነ በኋላም ደጋግሞ አልቅሷል። በቁርኣኑ ትረካ ደግሞ አባቱ ያዕቁብ በኀዘን ብዛት ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ስለሆነም ማልቀስ ከእምነት መጉደል አይደለም።

ሁለተኛ፣ መታመን ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ዮሴፍ እስር ቤት ሳለ የጠጅ አሳላፊው አለቃ ሲፈታ «ለፈርዖን ስለ እኔ ንገርልኝ» ሲል ለምኖታል። ይህ ዛሬ ማመልከቻ እንደ ማስገባት ነው። ያዕቁብም ዓይኑ እንኳ ጠፍቶ ልጆቹን ከአላህ እዝነት ተስፋ እንዳይቆርጡ መክሮ፣ ሄደው ዩሱፍን እንዲፈልጉ ላካቸው። የጠፋ ዘመድ ያላችሁ ወላጆችም በቀይ መስቀል በኩል ማፈላለግን አትተዉ። ጉዳዩ ውድቅ የሆነበት ሰው ይግባኝ የሚባልበት ቀን ሳያልፍ ይጠይቅ። የታመመ ልጅ ጸሎት ይደረግለት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሦስተኛ፣ ዮሴፍ በራሱ መከራ ውስጥ ሆኖ የሌላውን ሰው ፊት ያይ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት እስረኞች አዝነው ቢያገኛቸው ለምን ፊታቸው እንደ ጠቆረ ጠየቃቸው። እርሱ ራሱ ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ነው፤ «የኔው ይበቃኛል» ማለት ይችል ነበር። ኋላ ወደ ፈርዖን ፊት ያቀረበው መንገድ የተከፈተው ከዚህች ትንሽ ጥያቄ ነው። እናንተም ውሃ ወረፋ ላይ ዝም ብላ የቆመችውን አዲስ ልጅ «ምን ሆነሻል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ራሽን አይጎድልባችሁም።

3. በደስታ ጊዜ መታመን

ብዙ ጊዜ የምንጸልየው ሲጨንቀን ነው። ሲሞላልን ግን ሰጪውን እንረሳለን። የጠጅ አሳላፊውን አለቃ ተመልከቱ፤ ተፈታ፣ ወደ ሹመቱ ተመለሰ፣ ዮሴፍን ግን ረሳው። በዚህ ምክንያት ዮሴፍ ሌላ ሁለት ዓመት ታሰረ። የአንዱ ሰው ደስታ ለሌላው የመርሳት ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ስማችሁ ወጥቶ የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ እልል በሉ፤ ደስታችሁ ደስታችን ነው። ነገር ግን የቀሩትን አትርሱ። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ስልክ፣ ለአንድ ልጅ የደብተር መግዣ ትንሽ አይደለም። እልል ስትሉም በአጠገባችሁ ያለውን ቤት አስቡ። «እኛን ወደደን» ከማለት «አምላክ ይመስገን፣ ለእናንተም ያድርግላችሁ» ማለት ይሻላል። ቃሉ ትንሽ ነው፤ የሚሰማው ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይይዘዋል።

ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ያደረገውም ትምህርት ነው። ከእህሉ አንድ አምስተኛው እንዲሰበሰብ አደረገ፤ ይህም ከ100 ኩንታል 20 ኩንታል ማለት ነው። በየከተማው ጎተራ ሞላ። ረኃቡ ሲመጣ የግብፅ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ከሌላ አገር የመጡትም፣ የገዛ ወንድሞቹም ጭምር ከዚያ በሉ። በፈጣሪ መታመኑ አስቀድሞ ከማሰብ አልከለከለውም።

እርግጥ ነው፣ ከተቀነሰ ራሽን ላይ አንድ አምስተኛውን አስቀምጡ ማለት ፌዝ ይሆናል። እናቶቻችን ከባዶ ጣሳ ምን ያስቀምጣሉ? ይሁን እንጂ የማይቀነስ እህልም አለ። ዛሬ ያጠናችሁት ፊደል፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ፣ የተማራችሁት ቋንቋ ወይም የእጅ ሙያ በየትም አገር የሚወጣ ጎተራ ነው። ጤና ያላችሁበት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት ይህ ቀን በራሱ የጥጋብ ቀን ነውና አታባክኑት።

4. የፈጣሪን ፍቅር በምን እንለካለን?

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። ፍቅርን በኑሮ ብቻ የምንለካ ከሆነ ዮሴፍ ከአባቱ ጋር ሳለ የተወደደ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተጠላ፣ በጲጥፋራ ቤት እንደገና የተወደደ፣ እስር ቤት እንደገና የተጠላ ሊሆን ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 39ን አውጥታችሁ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አመሳክሩ። ዮሴፍ በሹሙ ቤት ሲሾም እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር እንደ ነበር ይናገራል፤ እስር ቤት ሲገባም ያንኑ ይደግማል። ቤቱ ተለወጠ፤ አብሮት ያለው አልተለወጠም።

ስደትም ቢሆን የመጠላት ምልክት አይደለም። ሕፃኑ ኢየሱስ ከእናቱ ጋር ወደ ግብፅ ተሰድዷል። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ መካ ላይ ስደት ሲበዛባቸው ወደ አገራችን ወደ አክሱም መጥተው ከነጃሺ ዘንድ መጠጊያ አግኝተዋል። በሁለቱም ሃይማኖቶች ተወዳጅ የሆኑት ሰዎች ስደተኞች ነበሩ ማለት ነው።

ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የስም ዝርዝር የሰው ሥራ ነው። የሚወሰነው በተቀባይ አገሮች ኮታ፣ በሕጋቸው፣ በፋይልና በቃለ መጠይቅ ነው። ሊዘገይም ሊሳሳትም ይችላል። ስለሆነም ልጄ፣ ያንን ወረቀት ከሰማይ እንደ መጣ ደብዳቤ አድርገህ አታንብበው። ስምህ እዚያ ላይ ባይኖር በፈጣሪህ ዘንድ ተረስተሃል ማለት አይደለም።

5. አንድ ማስጠንቀቂያ

በአገራችን «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» የሚል አባባል አለ። መልካም አባባል ነው፤ ይሁንና ማን ለማን እንደሚናገረው እንጠንቀቅ። ዮሴፍ ለወንድሞቹ ክፉ ያሰባችሁትን እግዚአብሔር ለመልካም አደረገው የሚል ሐሳብ ተናግሯል። ነገር ግን ይህን የተናገረው ራሱ ተበዳዩ ነው፤ የተናገረውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» ያለው ሰው የለም። ቢኖር ኖሮ ገመድ ቢያቀብለው ይሻል ነበር። ደግሞም ዮሴፍ በደሉን በደል ብሎ ጠራው እንጂ መልካም ነበር አላለም። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ስንሄድ አስቀድመን እንቀመጥ፤ ውሃ እንቅዳ፤ እሳት እናንድድ። ትርጉሙን ባለቤቱ በጊዜው ያገኘዋል።

ሌላም እውነት አለ። ዮሴፍ ተመልሶ በአባቱ አገር አልኖረም። በ110 ዓመቱ ያረፈው በስደት አገሩ በግብፅ ነው፤ አፅሙን ይዘው እንዲወጡ ወገኖቹን አማለ። ያም ሆኖ እዚያው ሁለት ልጆች ወልዶ ስም አወጣላቸው። ምናሴ የሚለው ስም መከራን ከመርሳት ጋር፣ ኤፍሬም የሚለው ደግሞ በመከራ አገር ፍሬያማ ከመሆን ጋር የተያያዘ ነው። አባቱ ያዕቆብም በ130 ዓመቱ ወደ ግብፅ መጥቶ 17 ዓመት ከልጁ ጋር ኖረ። ያጣው ልጅ የ17 ዓመት እንደ ነበር አስታውሱ፤ በመጨረሻ የኖሩትም ያንኑ ያህል ነው።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ በፈጣሪ ፍቅር መታመን «ነገ ስሜ ይወጣል» ብሎ እርግጠኛ መሆን አይደለም። ስሜ ወጣም አልወጣም ብቻዬን አይደለሁም ብሎ ዛሬ ደብተርን ይዞ መምጣት፣ የጎረቤትን ፊት ማየት፣ በሞላ ጊዜ አለመርሳት ነው።

የቃላት ፍች

ጎተራ፦ እህል የሚጠራቀምበት ቦታ።
ጠጅ አሳላፊ፦ ለንጉሥ መጠጥ የሚቀዳና የሚያቀርብ ሹም።
አማለ፦ በመሐላ ቃል አስገባ።
ፍሬያማ፦ ፍሬ የሚሰጥ፣ የተሳካለት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ዮሴፍ ሲሸጥ ስንት ዓመቱ ነበር? በፈርዖን ፊት ሲቆምስ? ልዩነቱን አስሉ።
2. ያዕቆብ በ130 ዓመቱ ወደ ግብፅ ከመጣና 17 ዓመት ከኖረ፣ በስንት ዓመቱ አረፈ?
3. አንድ ገበሬ 65 ኩንታል ቢያመርት አንድ አምስተኛው ስንት ይሆናል?
4. የጠጅ አሳላፊው አለቃ ጥፋት ምን ነበር? እኛስ እንዲህ የምናደርገው መቼ ነው?
5. ለውይይት፦ ጓደኛችሁ ጉዳዩ ውድቅ ሆኖበት ቢያዝን ምን ታደርጉለታላችሁ? ከመናገር በፊት የሚደረገውን አስቀድሙ።

የቤት ሥራ

ዛሬ ማታ ከወላጆቻችሁ ወይም ከአሳዳጊዎቻችሁ ጋር ተቀመጡና «በሕይወታችሁ የጥጋብ ጊዜ የምትሉት መቼ ነበር? በመከራ ጊዜስ ማን ደረሰላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። ወላጆች ሆይ፣ ማንበብና መጻፍ ባትችሉም ይህን ትምህርት ከመምህር የበለጠ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁና ልጆቹን አትመልሷቸው።