«የሲኦል ጉድጓድ» ማን አለው? የመንገደኞች ጥላቻ እንደ ታሪክ ምንጭ ሲመረመር

መግቢያ

የውጭ አገር መንገደኞች የጻፏቸው የጉዞ ማስታወሻዎች ለአፍሪካ ቀንድና ለቀይ ባሕር አካባቢ ታሪክ ጥናት ከፍ ያለ ጥቅም ከሚሰጡ ምንጮች መካከል ይቆጠራሉ። ተመራማሪው እነዚህን ጽሑፎች በሚያነብበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ቀንን፣ የቦታ ስምን፣ የገበያ ዋጋንና የሹማምንትን ሁኔታ ነው። ጸሐፊው ስለ አንድ ቦታ ያሰማውን ምሬት ግን ወይ ሳይመረምር እንደ እውነት ይቀበለዋል፣ ወይም የባዕድ ንቀት ነው ብሎ ያልፈዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አካሄዶች ጉድለት እንዳለባቸው ማሳየትና፣ መንገደኛ አምርሮ የጠላውን ቦታ የገለጸበት ምንባብ በምን ዓይነት ጥያቄዎች ሊመረመር እንደሚገባ ማመልከት ነው። ለዚህም ሁለት ቦታዎች፣ የዓደን ወደብና የደናክል በረሃ፣ በምሳሌነት ተወስደዋል።

አንድ ወደብ፣ ሁለት ፍርድ

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ዓደን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር። በዚያን ጊዜ ግጥም መጻፉን ትቶ ነበር፤ የተቀጠረውም ቡና በሚነግድ ድርጅት ውስጥ ነው። ለቤተ ሰቦቹ በላካቸው ደብዳቤዎች ዓደንን ሣር የማይበቅልባትና የሚጠጣ ጥሩ ውሃ የማይገኝባት አስፈሪ ቋጥኝ አድርጎ ሥሏታል። ከተማዋ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ስለተቀመጠች ዙሪያዋን የከበባት ገደል ነፋስ እንደሚከለክል፣ የሚጠጡትም የተጣራ የባሕር ውሃ እንደሆነ ጽፏል። ከሙቀቱ ምሬት ጋር አብሮ የሚመጣው ግን የደመወዙ ማነስ፣ የሥራው መብዛትና የተስፋው መራቅ ነው።

ከኀምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዋው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ለጋዜጣ ሊዘግብ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከበዓሉም በኋላ ወደ ዓደን ተሻገረ። የጉዞ መጽሐፉ እንደሚያስረዳው፣ እንደሚጠላት አስቀድሞ የገመታትን ዓደንን ስቦ የሚያቆይ ነገር አገኘባት፤ በስማቸው ብቻ ልቡን ማርከውት የነበሩት ዛንዚባርና ኮንጎ ግን አሰለቹት። የዓደን ገደል ያው ገደል፣ ሙቀቷም ያው ሙቀት ነበር። የተለየው የሁለቱ ሰዎች ሁኔታ ነው። ራምቦ እንጀራው ያሰረው ተቀጣሪ ነበር፤ ዋው ግን መርከብ በመጣ ጊዜ የሚሄድ እንግዳ ነበር።

ዋው አምርሮ የጻፈው ከሐረር ተመልሶ ወደ ጅቡቲ ለመውረድ ሲጠባበቅ ለቀናት ስለተያዘባት ስለ ድሬዳዋ ነው። ያንን ምዕራፍ የመጀመሪያው ቅዠት ብሎ ሰይሞታል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቅዠት ደግሞ በአፍሪካ ውስጥ አይደለም፤ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ራት የበላበት የለንደን ምድር ቤት ነው። ከዚህ የምንረዳው «ቅዠት» የሚለው ቃል የድሬዳዋን ጠባይ ሳይሆን መውጫ ያጣ ሰው የሚሰማውን መታፈን እንደሚያመለክት ነው። የራምቦም ታሪክ ይህንኑ ይደግፋል። ስለ ሐረር ኑሮው ደጋግሞ መሰልቸቱን ሲጽፍ ኖሮ፣ በ1891 ታሞ በማርሴይ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ለራስ መኮንን በላከው ደብዳቤ ወደ ሐረር ተመልሶ እንደ ቀድሞው ለመነገድ ተስፋ እንዳለው አስታውቋል።

አንድ በረሃ፣ ሁለት ርእስ

ደናክል የሚለው ስም ራሱ የውጭ ሰዎች ስያሜ ነው፤ ነዋሪው ራሱን የሚጠራው አፋር ብሎ ነው። የማዕድን መሐንዲሱ ኔስቢት ከሁለት ጣልያናውያን ባልንጀሮቹ ጋር ይህን አገር ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋረጠው በ1928 ነበር። በጉዞው የሰውና የእንስሳት ሕይወት ጠፍቷል፤ ስለዚህ የጻፈው ሥቃይ የፈጠራ አይደለም። መጽሐፉ በእንግሊዝ የታተመው «በረሃና ጫካ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ነበር። በአሜሪካ ሲወጣ ግን የሽፋኑ ርእስ «የፍጥረት የሲኦል ጉድጓድ» በሚል ተለወጠ። በረሃው አንድ፣ ተጓዡም አንድ ሰው ሲሆን፣ አገሩን ሲኦል ያሰኘው የመጽሐፍ ገበያው ነው ማለት ይቻላል።

በ1933 እና በ1934 ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በዚያው ሕዝብ አገር እስከ አቤ ሐይቅ ተጓዘ። ቴሲጀር በ1910 በአዲስ አበባ የተወለደ ሲሆን፣ ዋው በዘገበው የዘውድ በዓል ላይም በእንግድነት ተገኝቶ ነበር። የእርሱም ጉዞ አደጋ ነበረበት። በኋለኛ ዘመኑ ሲጽፍ ግን ያንን ጉዞ የሕይወቱን አቅጣጫ ካስያዙት ነገሮች መካከል ቆጥሮታል።

አንባቢ ከመንገደኛው በፊት የነበረውን ወሬም ማስታወስ ይገባዋል። ሙንዚንገር በ1875 በአውሳ፣ ጁሊየቲ በ1881፣ ቢያንኪ በ1884 በአፋር ምድር ተገድለዋል። በአውሮጳውያን ጽሑፎች ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ሞት የአገሩን ጭካኔ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ነገር ግን ሙንዚንገር የመጣው የግብፅን ጦር እየመራ ነበር። ለመንገደኛው ጭካኔ የመሰለው ለነዋሪው አገርን መከላከል ሊሆን ይችላል።

ከነዋሪው ወገን ሲታይ

ስለ ሙቀቱ የተጻፈው ሐሰት አይደለም። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል፣ ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። በዓለም ላይ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው አማካይ ሙቀት ተብሎ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። እንግዲህ ምሬቱን ሁሉ የባዕድ ንቀት ነው ብሎ መጣል፣ በዚያ ፀሐይ ሥር የሚሠራውን ሰው ድካምም አብሮ መካድ ይሆናል።

ይሁንና ይኸው ምድር የጨው አገር ነው። ከሜዳው በእጅ ተፈልጦና ተጠርቦ፣ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የወጣው አሞሌ ጨው ምግብ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ሲሠራ ኖሯል። ደገኛው በሬ የገዛበት ገንዘብ የተቆረጠው፣ መንገደኛው ሲኦል ካለው ሜዳ ነው። የውሃውን ጉድጓድ የሚያውቀው፣ ቅፍለቱን የሚመራውና ከሚያልፈው ሸክም ድርሻውን የሚያገኘው አፋር፣ ያንን ሜዳ የሚያየው እንደ ርስት እንጂ እንደ ቅጣት ቦታ አይደለም። ኔስቢትም ቢሆን በሕይወት ወደ ሰሜን የወጣው የአገሩን ውሃና መንገድ በሚያውቁ ሰዎች ነው። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ስለ አንድ ቦታ ክፉነት የሚሰጥ ፍርድ የነዋሪውን ቃል ሳይሰማ ሊጸና አይችልም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረቡት ምሳሌዎች አራት የመመርመሪያ ጥያቄዎች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ጸሐፊው በቦታው የቆየው ወድዶ ነው ወይስ መውጫ አጥቶ? ሁለተኛ፣ ከመድረሱ በፊት ስለ ቦታው ምን ሰምቶ፣ ምንስ ጠብቆ ነበር? ሦስተኛ፣ የጥላቻው ቃል የራሱ የጸሐፊው ነው ወይስ ለገበያ የተጨመረ? አራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ከተቀነሱ በኋላ የሚቀረው፣ እንደ ሙቀት፣ እንደ ውሃና እንደ ርቀት ያለው፣ በሌላ ምንጭ ይረጋገጣል? ታሪክ ጸሐፊው ስለ ቦታው እንደ ማስረጃ ሊጠቀምበት የሚገባው ይህን አራተኛውን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱም ቢሆኑ የሚጣሉ አይደሉም፤ ስለ መንገደኛውና ስለ ዘመኑ ይመሰክራሉ።

ከነዋሪው ወገን የሚመጣው ማስረጃ ግን በአብዛኛው ያልተጻፈ ነው። ኔስቢት ያማረረበትን መንገድ በየዓመቱ የተመላለሱ የጨው ነጋዴዎችና የቅፍለት መሪዎች የሚያውቁትን በቃል ይዘው ይገኛሉ። የግመሉ መንገድ በመኪና መንገድ እየተተካ፣ እነርሱም እያረጁ ናቸው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የእነዚህን ሰዎች ቃል በወቅቱ ካልመዘገቡ፣ ስለዚያ ምድር በጽሑፍ የሚቀረው ፍርድ ለጥቂት ወራት ብቻ ያየው እንግዳ የሰጠው ይሆናል።