ያነበባችሁትን ከነገጹ ጻፉት
ለደባርቅ፣ ለዳባትና ለስሜን ግርጌ አንባቢያን የቀረበ ማሳሰቢያ

በቴሌግራም ተሰባስባችሁ መጽሐፍ የምትቀባበሉና በመጽሐፍ የምትወያዩ የደባርቅና የዳባት ወጣቶች፣ ያነበባችሁትን በጋራ የምታሰፍሩበት ዊኪ ለመጀመር ማሰባችሁ ያስመሰግናል። በቡድን ጭውውት የተነገረ ቁም ነገር በሳምንቱ በሌላ ወሬ ይቀበራል። ዊኪ ላይ የተጻፈውን ግን ከዓመታት በኋላ የሚመጣ አንባቢ አግኝቶ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን ልብ በሉ።

መጀመሪያ ባለው ላይ ጻፉ። የአማርኛ ውክፔዲያ ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የያዘው ግን 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን አልፏል። ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳ፣ ስለ ሊማሊሞ መንገድ በአማርኛ የሚፈልግ ተማሪ የሚያገኘው ጥቂት መስመር ከሆነ፣ ያንን ሊያሰፋ የሚችለው ቦታውን የሚያውቅና ስለ ቦታው ያነበበ ሰው ነው።

የራሳችሁን ዊኪ ከከፈታችሁ ቁልፉን ለአንድ ሰው አትስጡ። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር ግን በየጊዜው ይከፈልበታል። የይለፍ ቃሉን የያዘው ልጅ ተመርቆ ሲሄድ ገጹም አብሮት እንዳይጠፋ ቢያንስ ሦስት ሰው ይያዘው።

ምንጭና ገጽ ቁጥር የሌለው ዐረፍተ ነገር አታስገቡ። ከሁሉም አጥብቄ የምለምናችሁ ይህን ነው። የራስ ደጀንን ከፍታ እንይ። አንዱ መጽሐፍ 4,620 ሜትር ይላል፣ ሌላው 4,533፣ በቅርብ ጊዜ የወጡት ደግሞ 4,550። አንድ አባል በትምህርት ቤት የሸመደደውን ይጽፋል፤ ሌላው መጥቶ ይሰርዘዋል፤ የመጀመሪያው ተቆጥቶ ይመልሰዋል። ጠቡ የሚበርደው ማን፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ገጽ፣ በስንት ዓመት እንዳለው ሲጻፍ ነው። ሦስቱንም ቁጥር ከነምንጫቸው አስቀምጡ፤ የትኛው የቅርብ ልኬት እንደሆነ ግለጹ። «እንደሚታወቀው» እና «ይባላል» ምንጭ አይደሉም።

ዓመት ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳትገልጹ አትለፉ። ወልቅፍት ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1941 መጨረሻ ነው፤ በእኛ መስከረም 1934 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ደግሞ በሴፕቴምበር 1978 መጀመሪያ ስለሆነ በእኛ ገና 1970 ዓ.ም. አላለቀም ነበር። ወሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ላይ 7፣ ሌላው ላይ 8 ይቀነሳል። በግምት የሚቀንስ ሰው አንድ ዓመት ያሳስታል፤ ስሕተቱም ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ ይኖራል።

ለአንድ ነገር ሁለት ገጽ አትክፈቱ። ስሜን፣ ሰሜን፣ ሲሜን፤ ራስ ደጀን፣ ራስ ዳሽን፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ። አንዱን መርጣችሁ ሌሎቹ አጻጻፎች ወደዚያው እንዲመሩ አድርጉ። ይህ ካልተደረገ ፈላጊው «የለም» ብሎ ይመለሳል።

የአሸናፊውን ጸሐፊ ቃል ብቸኛ እውነት አታድርጉት። ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አለቃ ዘነብ ታሪኩን የጻፉት የንጉሡ ሰው ሆነው ነው። ጽሑፋቸው ውድ ነው፤ የተጻፈው ከማን ወገን ቆሞ እንደሆነ ግን ለአንባቢ ይነገር። የውጭ ተጓዦችም እንዲሁ ናቸው። በ1762 ዓ.ም. ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ጎንደር ያለፈው ጄምስ ብሩስ መንገደኛ ነበር፤ የፓርኩ የመጀመሪያ ዋርደን የነበረው ክላይቭ ኒኮል ደግሞ ዱሩን ለመጠበቅ የተቀጠረ ሰው። ገበሬው ለዚያው ተራራ የነበረውን ስሜት ከእነሱ መጽሐፍ ብቻ አታገኙትም።

ስለዚህ የአዛውንቶችን ቃል ሰብስቡ፣ ከታተመው ግን ለይታችሁ አስቀምጡት። ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2016 ደባርቅ የሰፈሩት ሰዎች የአምባውን የእያንዳንዱን ምንጭና ግጦሽ ስም ያውቃሉ። ውክፔዲያ ያልታተመ ቃል አይቀበልም፤ የራሳችሁ ዊኪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስትቀዱ ለምን እንደምትቀዱ ንገሯቸው፤ ስማቸው እንዲወጣ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ፤ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። «ይሄ ይቅር» ካሉ ይቅር።

ገና ባልሻረ ቁስል ላይ እጃችሁን አታፍጥኑ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ የተገደሉት ሰዎች ቁጥር እንደ ዘጋቢው ይለያያል። እያንዳንዱን ቁጥር ከተናጋሪው ጋር ጻፉ። የተረፉትንና ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች ስም፣ ፎቶ ወይም መኖሪያ በምንም ምክንያት አታውጡ። ስለ ጭና በሚጻፈው ገጽ ላይ ክርክር ሲነሣ ጽሑፉን በመሰራረዝ ፋንታ የውይይት ገጹን ተጠቀሙ፤ ዊኪ የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክ ስለሚይዝ የጠፋ ሁሉ ይመለሳል።

መጽሐፍ ፎቶ አንሥታችሁ አትለጥፉ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት እሱ በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። በራሳችሁ ቃል አሳጥራችሁ ጻፉ፤ አጭር ጥቅስ ካስፈለገ ከነምንጩ አስገቡ። ማሽን የተረጎመውን ወይም የጻፈውንም ሳታነቡና ከመጽሐፍ ጋር ሳታስተያዩ አትለጥፉ።

ያረጀ መረጃ አድሱ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገባበት «በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል፤ ዛሬም አደጋ ላይ እንዳለ የሚጽፍ ካያችሁ አርሙት።

ቅጂ ከእጃችሁ አይጥፋ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ በመረብ ላይ ብቻ የነበረ ሁሉ ከእጅ ወጣ። ኪዊክስ የተባለው ነጻ መተግበሪያ የአማርኛ ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ በፍላሽ እየተቀባበላችሁ በየስልካችሁ ጫኑት። የራሳችሁን ዊኪ በየወሩ ገልብጣችሁ አንዱን ቅጂ ደባርቅ፣ አንዱን ዳባት፣ አንዱን ደግሞ ከአካባቢው ውጭ ያለ አባል ዘንድ አስቀምጡ። ዋና ዋናዎቹን ገጾች በወረቀት አትማችሁ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ ስልክ የሌለው ተማሪም ያንብበው፤ ስሕተት ካገኘ በእርሳስ የሚጽፍበት ባዶ ኅዳግ ተዉለት።