«አጋነነ» ስለሚባለው ግሥ

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ የምንማረው «አጋነነ» የሚባለውን ግሥ ነው። መነሻው «ገነነ» ነው፤ ትርጓሜውም ከበረ፣ ከፍ አለ፣ ስሙ በሩቅ ተሰማ ማለት ነው። ከዚህም «ገናና» የሚለው ቃል ይወጣል፤ ገናና ንጉሥ፣ ገናና አገር ይባላል። «አገነነ» ስንል ሌላውን አከበረ፣ ከፍ አደረገ ማለታችን ነው። «አጋነነ» ሲኾን ግን ነገሩን ከልኩ አሳልፎ ተናገረ ማለት ይኾናል። ፊደሉን ተመልከቱ፤ «ገ» ወደ «ጋ» ቢለወጥ ክብር መስጠት ልክ ማሳለፍ ኾነ።

እርባታውም እንዲህ ነው፤ አጋነነ፣ ያጋንናል፣ ያጋንን፣ ማጋነን። አድራጊው አጋናኝ፣ ነገሩ የተጋነነ ይባላል። ሲከለከልም አታጋንን፣ አታጋንኚ፣ አታጋንኑ ይባላል።

አጋነነና ዋሸ አንድ አይደሉም። መዋሸት ያልነበረውን ነበረ ማለት ነው፤ ማጋነን ግን የነበረውን እውነት መጠኑን ማሳጣት ነው። በፉከራና በሙሾ ሲኾን ነውር የለበትም፤ ዕንባዬ ወንዝ ኾነ ያለችውን አልቃሽ ማንም ዕንባሽን እንስፈር አይላትም፤ ሰሚው ኹሉ የኀዘን አነጋገር መኾኑን ያውቃልና። በምስክርነት፣ በአቤቱታና በመልእክት ግን ጉዳት ያመጣል።

አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ የጎረቤቱ በሬዎች ጤፉን እንደ በሉበት አቤቱታ ሊያጽፈኝ መጣ። «የተበላው ምን ያህል ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ማሳውን በሙሉ አጠፉት» አለኝ፤ እኔም እንዳለው ጻፍሁለት። ሽማግሎቹ ወርደው ቢያዩ የተበላው የማሳው አንዱ ዳር ብቻ ኾኖ ተገኘ። «ይህ ሰው ነገር ያጋንናል» ብለው የዳሩንም ካሣ ሳይፈርዱለት ተመለሱ። በእውነት የተበላው ጤፍ ባንድ ቃል ምክንያት ሳይካስ ቀረ። ጥፋቱም የእኔ ጭምር ነበር፤ ብዕር የያዘ ሰው አጣርቶ ሳይጠይቅ መጻፍ አይገባውምና።

ስለዚህ እናንተም ጅብ አንድ ጥጃ ወስዶ እንደ ኾነ «አንድ ጥጃ ወሰደ» በሉ እንጂ «ከብቱን ፈጀው» አትበሉ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል፤ የአጋናኝም ቃል እንደዚሁ እያደር ይቀላል፤ በኋላ እውነቱን ሲናገር የሚያምነው አያገኝም።

መልመጃ።
1፤ «ገነነ»፣ «አገነነ»፣ «አጋነነ» የሚሉትን እያንዳንዳቸውን በዐረፍተ ነገር አግቡ።
2፤ «ጐርፉ አገሩን አጠፋው» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ርዳታ ከመላኩ በፊት ምን ምን ትጠይቁታላችሁ?