አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ድርሰት ስትጽፉ አንባቢያችሁ ሥራውን ከቶ አይቶት እንደማያውቅ ገምቱ። የምትዘሉት ደረጃ ለእናንተ ትንሽ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ቃላችሁን አምኖ በሚሠራው ሰው ላይ ግን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን ከ1973 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በሞተር ብስክሌት ዓለምን ሲዞር ኢትዮጵያንም አቋርጧል። እንዲህ ብቻውን ለሚጓዝ መንገደኛ የኋላ መቀመጫው ለድንኳንና ለመኝታ ዕቃ ጥሩ ማስቀመጫ ነው።

በመጀመሪያ ከባዱ ዕቃ ከቀላሉ ይለያል። የድንኳኑ ካስማዎችና የምግብ ማብሰያው ከታች፣ ወደ ነጂው ጀርባ ተጠግተው ይቀመጣሉ። ክብደቱ ከኋላው ጎማ መሃል አልፎ ወደ ኋላ ከሄደ የፊቱ ጎማ ስለሚቀል መሪው እንደ ልብ አይታዘዝም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። የመኝታው ከረጢትና ልብሱ ቀላል ስለሆኑ ከላይ ይሆናሉ፤ ውሃ እንዳይገባባቸውም አስቀድመው በላስቲክ ይጠቀለላሉ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ በመቀመጫው ላይ በአግድም ይጋደማል፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። አጋሰስ ሲጫን ያየ ሰው ይህን ለማወቅ መምህር አያሻውም።

ጭነቱ ከተደረደረ በኋላ ቢያንስ በሁለት ጠፍር ከሞተር ብስክሌቱ ብረት ጋር ይታሰራል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ፍጥነት ሲጨመር ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት አንዱ ጠፍር ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይይዘዋል። ተለጣጭ ላስቲክ ብቻውን አይበቃም፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ ስለሚለጠጥ ጭነቱ ይዘላል። የጠፍሩ ትርፍ ጫፍ ተጠቅልሎ ይቋጠራል። ከሁሉ የሚያሰጋው ይህ ነው፤ የተንጠለጠለ ጫፍ በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ከገባ የኋላውን ጎማ በቅጽበት ሊያቆመው ይችላል። ድንኳኑ እንዳይቀልጥ ከማርሚታው ይርቃል። የኋላ መብራቱ፣ ፍሬቻውና ታርጋው እንዳልተሸፈኑም ይረጋገጣል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሞተሩ ይቆምና ጠፍሩ እንደገና ይሳባል፤ ልብሱና ድንኳኑ እየተጨመቁ ስለሚሄዱ የጠበቀው ይላላልና።

ማብራሪያ

«ስለሚለጠጥ» እና «እንዳይንሸራተት» የሚሉትን አስተያዩ። «ስለ» የነገሩን ምክንያት ያመለክታል፤ «እንዳይ» ደግሞ እንዲደርስ የማይፈለገውን። «እንዳልተሸፈኑ» የሚለው ግን ዓላማን ሳይሆን የሚረጋገጠውን ነገር ስለሚናገር ከ«እንዳይ» ጋር አይቆጠርም፤ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ምንባቡ «ዕቃውን በደንብ እሰሩ» ብሎ እንዳላለፈም ልብ በሉ። «በደንብ» ለማያውቅ ሰው ምንም አያስተምርም። «በሁለት ጠፍር፣ ከፊትና ከኋላ» ማለት ግን ያስተምራል። ግሦቹ፣ «ይታሰራል»፣ «ይቋጠራል»፣ ተደራጊ የሆኑት ማን እንደሚሠራው ሳይሆን ምን እንደሚሠራ ማሳወቅ ስለተፈለገ ነው።

መልመጃ

1. «እንዳይ» ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጡና «ስለ»ን በመጠቀም መልሳችሁ ጻፏቸው። የትርጉሙን ለውጥ አስረዱ።

2. ስለ ሰንሰለቱ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ከምንባቡ ቢወጣ አንባቢው የጠፍሩን ጫፍ ምን ሊያደርገው ይችላል? በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ።

3. በአህያ ወይም በብስክሌት ላይ ጭነት እንዴት እንደሚጫን በ15 መስመር ግለጹ። «በደንብ» እና «በጥንቃቄ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።