ዓይን ከማየት በቀር ምን ይሠራል?

እጅ ያነሣል፥ እግር ይሄዳል፥ ዓይን ግን ያያል እንጂ አይሠራም ይባል ይሆናል። በቢቸናና በሞጣ ያደገ ሰው ግን ይህን አይቀበልም። እንግዳ ባለበት አባት ልጁን ቆጣ ብሎ ሲያየው ልጁ ወዲያው ወደ ጓዳ ይገባል። ቃል አልተነገረም፤ አባትየው ግን ያስወጣሁት እኔ ነኝ ብሎ ያውቃል። በምን አወቀ?

የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ አእምሮ ሰውነትን ሲያዝ የሚከተለውን ነገር አስቀድሞ ይጠብቃል። የሆነው ከተጠበቀው ጋር ሲገጥምና ጊዜው ሳይራራቅ ሲቀር «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የሚል ስሜት ይመጣል። ፓትሪክ ሃጋርድና ባልደረቦቹ በ2002 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተሙት ጥናት፥ በፈቃዳቸው ቁልፍ ተጭነው ድምፅ የሰሙ ሰዎች ሥራቸውና ድምፁ በእውነት ከነበረው ይልቅ የተቀራረቡ መስሏቸዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ19ኛው መቶ ዓመት የተመራመረበትን ነገር አንተም ሞክር። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ በሌላው ግራና ቀኝ ተመልከት፤ ቤቱ አይነቃነቅም። ቀጥለህ የዚያኑ ዓይን ጠርዝ በቆቡ ላይ በጣትህ ቀስ ብለህ ግፋው፤ ቤቱ ይንቀሳቀሳል። በሁለቱም ጊዜ ዓይኑ ተንቀሳቅሷል፤ ነገር ግን በፊተኛው ጊዜ ያዘዘው አእምሮ ራሱ ነውና ለውጡን ጠብቆታል።

ይሁን እንጂ ዓይን እንደ እጅ ታዛዥ አይደለም። በአንድ ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል፤ አብዛኛውን እኛ ራሳችን አናውቀውም። እጃቸው የማይንቀሳቀስ ሰዎች በዛሬው ዘመን በዓይናቸው ኮምፒዩተር ላይ ይጽፋሉ፤ ችግሩ መኪናው ተራውን እይታ ሁሉ ትእዛዝ አድርጎ መውሰዱ ነው። ስለዚህ ፊደሉ ላይ ጥቂት መቆየት ግድ ይሆናል።

እኔን ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የቡዳ ነገር ነው። በጎጃም ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ቆዳ ፋቂውን ዓይናቸው ይበላል እያሉ ማማት የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ሐሜቱ ግን አልጠፋም። ልጅ ከገበያ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ቢታመም ቀጥቃጩ አይቶት ነበር ይባላል፤ በዚያ ቀን ያዩት ሌሎች ዓይኖች አይቈጠሩም። አባትየው አስቦ አየ፥ የጠበቀው ወዲያው ሆነ፥ ነገም ቢያደርገው ይሆናል። ቀጥቃጩ አላሰበም፥ አልጠበቀም፥ ሲያይም የሆነ ነገር የለም። አላደረግሁም ቢል ደግሞ ቡዳ ሳያስበውም ይበላል ይሉታል፤ በዚህ ዓይነት ክስ ፊት የሰውየው ምስክርነት ዋጋ የለውም።