ስለ ቍጥር ሊቅ ስለ ኮሊን ማክሎሪን ሕይወትና ሥራ

በጋይንት በቤተ ልሔም ድጓን፥ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕትን የተማረ ሰው፥ ቍጥር ለሊቃውንታችን እንግዳ እንዳልሆነ ያውቃል። የባሕረ ሐሳብ ደቀ መዝሙር ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ መደቡን፥ ከመደቡም አንዱን አትቶ ወንበሩን ያገኛል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑም ይረዳል። ጾምና በዓል የሚታወቀው በዚህ ነው። ቍጥር ግን የመበለትንና የሙት ልጅን እንጀራ ሊጠብቅ ይችላል፤ ይህንም ለማስረዳት የአንድ የስኮትላንድ ሊቅ ታሪክ እንጽፋለን።

ኮሊን ማክሎሪን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1698 ዓ.ም. ኪልሞዳን በሚባል የገጠር ደብር ተወለደ። ቄስ የነበረው አባቱ ልጁ በተወለደ በስድስት ሳምንት ሞተ፤ እናቱም ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ዐረፈች። ያሳደገው አጎቱ ነው፤ እርሱም ቄስ ነበረ። በ11 ዓመቱ ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1717 ገና በ19 ዓመቱ ከሌሎች ጋራ ተፈትኖ በአበርዲን የሒሳብ መምህር ሆነ። በ1725 ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ታላቁ ሊቅ ኒውተን መሰከረለት፤ ለደመወዙም ከራሱ ገንዘብ በየዓመቱ 20 ፓውንድ ሊሰጥ ፈቀደ። ማክሎሪን በ1740 ስለ ባሕር ማዕበል መውጣትና መውረድ ጽፎ ከፓሪስ የሊቃውንት ጉባኤ ሽልማት ተካፈለ፤ በ1742ም ታላቁን የሒሳብ መጽሐፉን አሳተመ።

በዚያ ዘመን የስኮትላንድ ቄስ ሲሞት ሚስቱና ልጆቹ ለችግር ይጋለጡ ነበረ። ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር የተባሉ ሁለት ቀሳውስት በመላ አገሩ ቈጥረው ከ930 ቀሳውስት በየዓመቱ 27 ያህል እንደሚሞቱ፥ ከነዚህም 18ቱ ሚስት ትተው እንደሚሄዱ አገኙ። ማክሎሪን ሒሳባቸውን መረመረ። ከዚህ በኋላ በ1744 ማኅበሩ ተቋቋመ፤ እያንዳንዱ ቄስ በየዓመቱ ያዋጣል፥ ገንዘቡም በወለድ እየተበደረ ይበዛል፥ መበለቲቱም እንደ ባሏ መዋጮ መጠን በዓመት ከ10 እስከ 25 ፓውንድ ትቀበላለች። ከሃያ ዓመት በኋላ የተገኘው ገንዘብ አስቀድሞ ከተሰላው ጋራ እጅግ ተቀራረበ።

በ1745 ጦር በተነሣ ጊዜ ማክሎሪን የኤዲንብራን ቅጥር ለማጠናከር ደከመ፤ በዚህም ታሞ በ1746 ሞተ። በአልጋው ላይ ሳለም ስለ ኒውተን ትምህርት የጻፈውን መጽሐፍ መጨረሻ ምዕራፍ በቃሉ ያስጽፍ ነበረ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ላሉ ልጆች ሒሳብ ስታስተምሩ ይህን ጥያቄ ስጧቸው፦ በየዓመቱ 18 ሴቶች መበለት ቢሆኑ በ10 ዓመት ስንት ይሆናሉ? ተማሪው 180 ብሎ ይመልሳል። ቀጥላችሁም፥ «በዐሥረኛው ዓመት ገንዘብ የሚቀበሉት ሁሉም 180ዎቹ ናቸውን?» ብላችሁ ጠይቁት። ከመካከላቸው የሚሞቱ እንዳሉ ራሱ ካስተዋለ፥ ሒሳብን ከሰው ሕይወት ጋራ ማገናኘት ተማረ ማለት ነው። አባት እናቱን በሕፃንነቱ ያጣው ሊቅ ዕውቀቱን ለሙት ልጆች መጠጊያ ማድረጉን አስቡ፤ ዛሬ በገበታችሁ ፊት ከተቀመጡት ልጆችም ማን እንደዚያ እንደሚሆን አይታወቅም።