የደም ኤሌክትሮላይት መመርመሪያ መሣሪያ ፈቃድ፦ ከአዲስ አበባ ዶሴ እስከ ላስታና ደላንታ ደጋ

የኤሌክትሮላይት መመርመሪያ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ፣ እንደ ሞዴሉም አዮናይዝድ ካልሲየምንና ሊትየምን የሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። በተቅማጥ ፈሳሹ ላለቀ ሕፃን የሚሰጠው የደም ሥር ፈሳሽ፣ ፉሮሴማይድ ለሚወስድ የልብ ሕመምተኛ የሚታዘዘው ክኒን፣ በኬቶአሲዶሲስ ራሱን ስቶ ለመጣ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን የሚጀመርበት ሰዓት፣ ሁሉም በዚህ ማሽን ቁጥር ላይ ይመሠረታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ የኤሌክትሮላይት ምርመራን ያካተተው ለዚህ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ከቁጥር ማጣት ይብሳል፤ ስለዚህም ማሽኑ በኢትዮጵያ ሥራ ላይ የሚውለው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት፣ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቦ ነው።

ምዝገባው አዲስ አበባ ያልቃል። ማሽኑ ግን የሚተከለው ላስታ ውስጥ ላሊበላ ሆስፒታል ወይም ከላስታ በስተደቡብ ደላንታ ላይ፣ ወገል ጤና ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትርና ከዚያ በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ናቸው። ይህን ያላሰበ የምዝገባ ዶሴ ወረቀቱ ቢጸድቅም ማሽኑን ለደጋው አያበቃውም፤ ሥራው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የመጨረሻውን ሆስፒታል እያሰቡ የሚሠራ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ የአገልግሎት መግለጫውን መጻፍ ነው። መግለጫው ማሽኑ ምን ምን እንደሚለካ፣ በየትኛው ናሙና እንደሚሠራ (በሙሉ ደም፣ በሴረም፣ በፕላዝማ ወይስ በሽንት)፣ ማን እንደሚጠቀምበትና የት እንደሚጠቀምበት በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይናገራል። የኋላው ማስረጃ ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው። መግለጫው «ሙሉ ደም» ካለ በሙሉ ደም የተሠራ ጥናት ያስፈልጋል፤ የሴረም ጥናት አይተካውም። ነገሩ ለገጠር ሆስፒታል ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም በሙሉ ደም የሚሠራ ማሽን ሴንትሪፊውጁ ቢበላሽም ሥራው አይቆምም።

ቀጥሎ የአደጋ ደረጃው ይወሰናል። በዓለም አቀፍ አሠራር የላቦራቶሪ መመርመሪያዎች ከኤ እስከ ዲ በአራት ደረጃ ይመደባሉ። በአውሮፓ ኅብረት 2017/746 ደንብ ማሽኑ ብቻውን ሲታይ ኤ ላይ ይወድቃል፤ ሪኤጀንቶቹ ግን ከዚያ ከፍ ይላሉ። በአሜሪካ ደግሞ የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የክሎራይድ መለኪያዎች በሁለተኛው ክፍል ተመድበው፣ አምራቹ ምርቱ ቀደም ሲል በሕጋዊ መንገድ ገበያ ላይ ከዋለ መሣሪያ ጋር በደኅንነትም በብቃትም እኩል መሆኑን ካሳየ በኋላ እንዲሸጡ ይፈቀዳል። የኢትዮጵያ አመልካች ደረጃውን በባለሥልጣኑ መመሪያ ለክቶ ምክንያቱን ጽፎ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል የባለሥልጣኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አስመጪዎችን የሚያሰናክል ነገር አለ። ኤሌክትሮላይት መመርመሪያ ማለት ሣጥኑ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ፣ የማጣቀሻ ኤሌክትሮዱ፣ የሪኤጀንት ፓኩ፣ ካሊብሬተሩ፣ ኮንትሮሉና ማጠቢያው አንድ ሥርዓት ናቸው። ማመልከቻው እያንዳንዱን በካታሎግ ቁጥሩ መዘርዘር አለበት። ማሽኑ ብቻ ተመዝግቦ ሪኤጀንት ፓኩ ከዝርዝሩ ከቀረ፣ ማሽኑ ላሊበላ ደርሶ ከተተከለ በኋላ ፓኩ መግቢያ ኬላ ላይ ይቆማል። ያኔ ላቦራቶሪው ያለው ነገር ጠረጴዛ የያዘ ሣጥን ብቻ ነው።

አመልካቹ የብቃት ማረጋገጫ ያለው የአገር ውስጥ አስመጪ ወይም ወኪል ሲሆን፣ ከአምራቹ ጋር የተፈራረመውን የውክልና ስምምነት ያቀርባል። በስምምነቱ ውስጥ የጥገና፣ የመለዋወጫና የሥልጠና ግዴታ በግልጽ እንዲጻፍ ማድረግ የአመልካቹም የገዢውም ጥቅም ነው። «ወኪሉ ድጋፍ ይሰጣል» የሚል አንድ መስመር ላስታ ላይ ማንንም አያስነሳም፤ ጥገናው በስንት ቀን እንደሚደርስና ትርፍ ኤሌክትሮድ የት እንደሚቀመጥ መጻፍ አለበት።

ዶሴው ራሱ የአምራቹን የጥራት ሥርዓት ማረጋገጫ (አይኤስኦ 13485)፣ ምርቱ በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ እንደሚሸጥ የሚያሳይ ሰነድ፣ የማሽኑን አሠራር ገለጻ፣ በአይኤስኦ 14971 የተሠራ የአደጋ ትንተና፣ የሪኤጀንቶቹን የቆይታ ጊዜ ጥናት፣ የመለያ ጽሑፉንና የአጠቃቀም መመሪያውን ይይዛል። ጥብቅ ቁጥጥር ባለበት አገር የተሰጠ ፈቃድ ዶሴውን ያጠናክራል፤ የአፈጻጸም ማስረጃውን ግን አይተካም። ገምጋሚው ረጅም ጊዜ የሚቆየው እዚህ ክፍል ላይ ነው፤ አመልካቹም ሊደክምበት የሚገባው እዚሁ ላይ ነው።

ምክንያቱ በመለኪያው ባሕርይ ውስጥ አለ። አዮን መራጭ ኤሌክትሮድ የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአንድ ነጠላ ቻርጅ ያለው አዮን መጠን አሥር እጥፍ ሲሆን ቮልቴጁ የሚለወጠው በ61.5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሶዲየም ከ135 ወደ 145 ሚሊሞል በሊትር ሲወጣ፣ ማለትም የጤናማውን ክልል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያቋርጥ፣ ለውጡ 2 ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። ፖታሲየም ከ3.5 ወደ 5.0 ሲወጣ 9.5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። አንድ ሚሊቮልት ስሕተት ውጤቱን 4 በመቶ ያህል ስለሚያዛባ፣ 140 የሆነው ሶዲየም 145 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት፣ የተበላሸ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ ወይም ቱቦ ውስጥ የገባ የአየር አረፋ ይህን አንድ ሚሊቮልት ለማምጣት ይበቃል።

ስለዚህ ዶሴው በቁጥር ማሳየት ያለበት እነዚህን ነው። የውጤት መደጋገም በክሊኒካልና ላቦራቶሪ ደረጃዎች ተቋም (ሲኤልኤስአይ) ኢፒ05 ሥርዓት ሲጠና ለ20 ቀናት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ድምሩ 80 ውጤት ይሆናል። ከሌላ የታወቀ ማሽን ጋር የሚደረገው ንጽጽር ቢያንስ 40 የሕሙማን ናሙና ይፈልጋል፤ እነዚህም ጤናማውን ብቻ ሳይሆን በጣም ዝቅ ያለውንና በጣም ከፍ ያለውንም መሸፈን አለባቸው፤ ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ጫፉ ላይ ያለው ነውና። የሚለካበት ክልልና የሚያዛቡ ነገሮችም በጥናት ይታያሉ፦ ሳሊሲሌትና ብሮማይድ ክሎራይድን ከፍ አድርገው ያስነብባሉ፤ የተሰባበረ ቀይ ደም ሕዋስ ፖታሲየምን ያበዛል፤ ሶዲየም ሄፓሪን ያለበት ቱቦ ሶዲየምን ያዛባል። ናሙናውን ሳያቀጥን በቀጥታ የሚለካ ማሽን ብዙ ቅባት ወይም ፕሮቲን ባለበት ደም ሶዲየምን ያለ አግባብ ዝቅ አያደርግም፤ የሚያቀጥነው ግን ያደርጋል። መግለጫው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካልተናገረ ገምጋሚው ጥያቄ ይልካል።

ተቀባይነት ያለው የስሕተት ወሰንም አስቀድሞ ይጻፋል። ለመነሻ ያህል፣ የአሜሪካ የላቦራቶሪ ሕግ ለውጭ ጥራት ቁጥጥር ያስቀመጠው ወሰን ለሶዲየም 4 ሚሊሞል በሊትር፣ ለክሎራይድ 5 በመቶ ነው፤ ለፖታሲየም ከእ.ኤ.አ. 2025 ጀምሮ ከ0.5 ወደ 0.3 ጠብቧል።

የኤሌክትሪክ ደኅንነት ማስረጃው ዓለም አቀፉን የአይኢሲ 61010 ደረጃ ይከተላል። ለኢትዮጵያ ደጋ ወሳኙ ነጥብ ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ ሆኖም በብዙ ግዢዎች ማንም አይጠይቀውም። አምራቹ የተለየ ነገር ካልገለጸ በቀር ደረጃው መሣሪያው ደኅና ነው የሚለው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ላሊበላ ቀርቶ አዲስ አበባም ከዚህ በላይ ናት። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፤ በዚህ የተነሳ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ለሚሠራ መሣሪያ በኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት በ1.14 መባዛት አለበት። ማቀዝቀዣው ማራገቢያም በሳሳ አየር ብዙ ሙቀት አያወጣም። እናም አመልካቹ ከአምራቹ የሚጠይቀው ነገር ግልጽ ነው፦ ማሽኑ ቢያንስ እስከ 3,000 ሜትር እንዲሠራ የተፈተነበትን ሪፖርትና ይኸው በአጠቃቀም መመሪያው ላይ የተጻፈበትን ገጽ። «ችግር የለውም» የሚል ኢሜይል ማስረጃ አይደለም። የደም ጋዝንም አብሮ የሚለካ ሞዴል ከሆነ የአየር ግፊት መለኪያው የላሊበላን ግፊት፣ 560 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ፣ በትክክል እንደሚያነብ መረጋገጥ አለበት።

ዶሴው ሲያልቅ በባለሥልጣኑ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ይገባል። ገምጋሚው የሚልካቸው ጥያቄዎች በተራ ቁጥራቸው፣ የዶሴው ገጽ እየተጠቀሰ ይመለሳሉ። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ የሞዴሉ ስም፣ የአምራቹ አድራሻና የካታሎግ ቁጥሮቹ ከማመልከቻው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከራሉ። የአንድ ቁጥር ልዩነት ዕቃውን ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ቦሌ ላይ ያቆየዋል፤ ለእያንዳንዱ ጭነት የሚወጣው የማስገቢያ ፈቃድ ከምዝገባው ጋር መግጠም አለበትና።

በእርዳታ የሚመጣ ማሽን የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2013 መጨረሻና በ2014 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሰሜን ወሎ ሲደርስ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ላሊበላም ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተሰጠውን ሁሉ መቀበል የሚያስገድድ ችግር አለ። ሆኖም እርዳታ መሆኑ ማሽኑን ከቁጥጥር አያወጣውም፤ ያልተመዘገበ ከሆነ ከመጫኑ በፊት ባለሥልጣኑ ይጠየቃል። ከሁሉ በፊት የሚጣራው ሪኤጀንቱ አገር ውስጥ የሚገኝ መሆኑ ነው። ሪኤጀንት የማይገኝለትን ማሽን አለመቀበል ለሆስፒታሉም ለለጋሹም ክብር ነው።

ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ላቦራቶሪው በራሱ እጅ ያረጋግጣል፤ ይህ የሕክምና ላቦራቶሪዎች ደረጃ የሆነው የአይኤስኦ 15189 ግዴታም ነው። ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት የመሬት መስመሩ በባዮሜዲካል ባለሙያ ይለካል፤ ስታቢላይዘርና ቢያንስ የተጀመረውን ናሙና የሚያስጨርስ ዩፒኤስ ይገጠማል። ጄኔሬተር ሲነሳ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዝለል በቀጥታ ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም። ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ የታሸገ ፓክ በግፊት ልዩነት ሊነፋ ስለሚችል፣ ክፍሉን ለምዶ እስኪረጋ ይቆይና ቱቦዎቹ አየር እስኪያወጡ ታጥበው ካሊብሬሽን ይደረጋል። በደላንታ ውርጭ ሌሊት ሪኤጀንቱ መቀዝቀዝና መርጋት የለበትም፤ የክፍሉ ሙቀት ጠዋትና ማታ ይመዘገባል።

ከዚያ ሁለት ኮንትሮሎች ለአምስት ቀናት፣ በየቀኑ አምስት አምስት ጊዜ ይለካሉ፤ ውጤቱ አምራቹ ካስመዘገበው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ሃያ ያህል የሕሙማን ናሙናዎች ወልድያ ወይም ደሴ ካለ ላቦራቶሪ ጋር ይመሳከራሉ። የሚላከው ግን ተለይቶ የወጣ ሴረም መሆን አለበት፤ ያልተለየ ደም በተለይ በበረዶ ተይዞ ሲጓዝ ፖታሲየሙ ከሕዋሳቱ እየወጣ ይጨምራል። ናሙናው ከላሊበላ በጋሸና በኩል ወልድያ፣ ወይም ከደላንታ በበሸሎ ሸለቆ ወርዶ ደሴ እስኪደርስ የሚያልፈው ሰዓት ጥሩውን ማሽን መጥፎ ሊያስመስለው ይችላል። ናሙናው በተቀዳ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሴረሙ ይለያል፤ የኢዲቲኤ ቱቦም ከሴረም ቱቦ በፊት አይቀዳም፤ በውስጡ ያለው የፖታሲየም ጨው ወደ ቀጣዩ ቱቦ ከተሻገረ ፖታሲየምን ከፍ፣ ካልሲየምን ዝቅ ያደርጋልና።

ለሐኪም ወዲያው በስልክ የሚነገሩት አስጊ ውጤቶች ወሰንም ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር ከሐኪሞቹ ጋር ስምምነት ተደርሶበት በግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የፓኩ ፍጆታ የሚሰላው በሕሙማን ብዛት ብቻ አይደለም፤ ማሽኑ በየጥቂት ሰዓቱ ለራሱ ካሊብሬሽን ፈሳሽ ይጠጣል፣ የተከፈተ ፓክም ቢተርፍም ባይተርፍም በቀኑ ያልፍበታል። ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የደሴ ቅርንጫፍ የሚጠየቀው መጠን ይህን ይጨምር።

የምዝገባው ኃላፊነት ማሽኑ በመተከሉ አያበቃም። አምራቹ የኤሌክትሮዱን አሠራር፣ ሶፍትዌሩን ወይም የማምረቻ ቦታውን ከቀየረ ወኪሉ ለባለሥልጣኑ ያሳውቃል፤ የምስክር ወረቀቱም ዘመኑ ከማለፉ አስቀድሞ ይታደሳል። ላቦራቶሪው በበኩሉ ሕመምተኛን የጎዳ ወይም ሊጎዳ የነበረ የተሳሳተ ውጤት ሲያጋጥመው የሪኤጀንቱን ሎት ቁጥር፣ የዕለቱን ካሊብሬሽን ቁጥርና የኮንትሮሉን ውጤት ይዞ ለወኪሉና ለባለሥልጣኑ ሪፖርት ያደርጋል፤ ፓኩንም ምርመራው እስኪያልቅ ሳይጥል ያቆያል።